የፊተኞቹ ሁለት ዴስኮች ቁጥር

መስቀል ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት ከሲቀላ ገበያ ሙዝና ሎሚ ገዝቼ ስመለስ፣ ከባጃጅ ተራው ጀርባ ባለችው ቀጭን መንገድ ላይ ሦስት ሴቶች ልጆች ገመድ ሲዘሉ አገኘሁ። ሁለቱ ገመዱን ያሽከረክራሉ፣ አንዷ መሀል ገብታ ትዘላለች፣ ሦስቱም አብረው ይቆጥራሉ። ጡረታ የወጣ የሂሳብ አስተማሪ ልጆች ሲቆጥሩ ከሰማ እግሩ ሳይወድ ይቆማል፤ ስህተት መልቀም የለመደ ጆሮ ጡረታ አያውቅም። እነዚህ ግን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ አልነበረም የሚቆጥሩት። "አራት፣ ስምንት፣ አምስት፣ ስድስት! ሰባት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሰባት!" ይላሉ፤ መጨረሻው ላይ ገመዱ ይፈጥናል፣ ከዚያ እንደገና ከአራት ይጀምራሉ። በዚያ የቀትር ፀሐይ፣ ያውም አርባ ምንጭ ላይ ሆኜ፣ ብርድ ብርድ አለኝ ብል ማን ያምነኛል?

"ልጆች፣ ይህን አቆጣጠር ማን አስተማራችሁ?" አልኳቸው።

"ማንም" አለች ገመድ ከያዙት ረዘም ያለችው። "እንደዚህ ነው የሚዘለለው።"

"ትርጉሙስ?"

"ትርጉም የለውም እኮ አባባ፤ የዝላይ ነው" ብላ ጓደኛዋን አየቻት፤ ጓደኛዋም ሳቋን በእጇ ሸፈነች። ሽማግሌው ለቀቅ አድርጎታል ማለታቸው ነው። አልፈርድባቸውም። ያ ቁጥር ግን ትርጉም ነበረው። ሲወለድ እዚያው ቆሜ አይቻለሁ። ከወለዱት ስምንት ልጆች አንዳቸውም ዛሬ ልጅ አይደሉም፤ ስምንቱንም እስከ ዛሬ አውቃቸዋለሁ።

አርባ ምንጭ የመጣሁት ጸጉሬ እንደ ዣንጥላ ተከፍቶ፣ ሱሪዬ ከጉልበት በታች ሰፍቶ አቧራ እየጠረገ በሚሄድበት ዘመን ነው። ያኔ መንገዱ ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር። ሶዶ አድረን በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደረስን፤ የከተማው የላይኛው ክፍል ሴቻ ላይ ስወርድ ሁለቱን ሐይቆች አንድ ላይ አየኋቸው፤ አባያ ሻይ በወተት መስሎ፣ ጫሞ ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ። እናቴ ከጎጃም ስትሸኘኝ "ወባ አገር ልከው ሊገድሉብኝ ነው" ብላ አልቅሳ ነበር። ወባውስ አልቀረልኝም፤ ነገር ግን ክንድ የሚያህል ዓሣ በስሙኒ የሚበላበት አገር ሰው ቶሎ አይሞትም። ሙዝ በኪሎ አይሸጥም ነበር፤ ዘለላውን ተሸክመህ ትሄዳለህ፣ ሻጯም "ጨምር" ስትላት አንድ እጅ ትመርቅልሃለች። አሁን ሚዛን ላይ አስቀምጠው አንዷን ፍሬ መልሰው ሲያነሱብኝ ደሜ የሚፈላው ያን ስለማስታውስ ነው። ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚያወጣው ዳገት ሥር አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ቴፗ አንድ ካሴት ብቻ ነበራት፤ ስለ ጠፋች ልጅ የሚያለቅስ ዘፈን ነው። ያን ዘፈን ከመስማት ብዛት የጠፋችውን ልጅ የማውቃት ይመስለኝ ነበር። ሻይ ቤቷ ባንክ ሆናለች። ዘፈኑን ግን አንዳንዴ ፊቴን ስላጭ ራሴን ሳንጎራጉረው አገኘዋለሁ።

ጋሽ አልታዬን ያገኘሁት እዚያች ሻይ ቤት ነው። እኔ ገና ሃያ አምስት አልሞላኝም፣ እሱ ሠላሳዎቹን አጋምሷል፤ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ትምህርት፣ ሂሳብ። የዶርዜ ሰው ነው፤ አባቱ ሸማኔ ነበሩ። "ክር ሲቆጠር ሥር ተቀምጬ ነው ያደግሁት" ይላል። ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ትልቅ፣ ሳቁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ነበር። ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም፤ "አንተ ጎጃሜ" ነበርኩ፣ እስኪሞት ድረስ። ለእሱ ቁጥር ሁሉ ዘርና ጠባይ ነበረው። ስድስት "ፍጹም" ናት፤ አካፋዮቿ አንድ፣ ሁለትና ሦስት ሲደመሩ ራሷን ይመልሷታል። ዐሥራ ሁለት "ትርፍ" ነው፣ አካፋዮቹ ሲደመሩ ይበልጡታል። ስምንት "ጎደሎ" ነው፣ አንድ ያንሰዋል። ከአንድና ከራሳቸው በቀር ማንም የማይከፍላቸውን፣ በክፍል ፕራይም የምንላቸውን፣ እሱ "ብቸኞች" ነው የሚላቸው። "ከጎደሎም ጎደሎ ናቸው ጎጃሜ፤ ግን ማንም አይሰብራቸውም" ይላል፣ ስለ ጎረቤቱ እንደሚያወራ። ከሴቻ ቁልቁል የሚወርድ የጭነት መኪና ሰሌዳ አይቶ መኪናው እኛ ጋ ሳይደርስ አካፋዮቹን ይጠራል። ከተሳሳተ ሻዩን የሚጋብዘው እሱ ነው፤ እኔ ስንት ሻይ በነፃ እንደጠጣሁ ብነግራችሁ ግን ታፍሩብኛላችሁ፣ ከሁለት አይበልጥም።

የዚያን ዓመት የኔ ክፍል ጣሪያው ተነቅሎ ስለነበር ተማሪዎቼን ይዤ እሱ ክፍል ተዳብዬ ነበር። አንድ ጠዋት ጠመኔውን ይዞ ወደ ፊተኞቹ ሁለት ዴስኮች ዞረ። በእያንዳንዱ ላይ አራት አራት ልጆች ታጭቀዋል። "ዛሬ አንድ ትልቅ ቁጥር ትወልዱልኛላችሁ" አላቸው። "በየተራ አንዳንድ አኃዝ። ሳታስቡ!" የመጀመሪያው ልጅ አራት አለ። ቀጥላ ያለችው ስምንት። ደጉ የሚባለው ቀጭን ልጅ አምስት፣ ከጎኑ ያለው ስድስት። ወደ ሁለተኛው ዴስክ ሲያልፍ አንዱ ሰባት አለ፤ ከዚያ የአልታዬ የገዛ ልጁ ጸጋነሽ "ሁለት" አለች፤ አጠገቧ የነበረው ልጅ ደንግጦ "ሁለት" ብሎ ደገመው፣ ክፍሉ ሳቀ፤ የመጨረሻዋም "ሰባት" ብላ ዘጋችው። አልታዬ ሰሌዳው ላይ ጻፈው፤ 48,567,227። "አርባ ስምንት ሚሊዮን፣ አምስት መቶ ስልሳ ሰባት ሺህ፣ ሁለት መቶ ሃያ ሰባት" ብሎ በዚያ ድምፁ አነበበው። "አሁን ማን እንደሆነ እንጠይቀው።"

ተጋማሽ ስላልሆነ ሁለት አይከፍለውም። የአኃዞቹ ድምር አርባ አንድ ነው፤ አርባ አንድ ለሦስት አይካፈልም፣ ሦስትም ወደቀ። አምስት ከሩቁ ቀረ። በሰባት ሲሞከር ሁለት ተረፈ፣ በዐሥራ አንድ አምስት፣ በዐሥራ ሦስት ሰባት። ደወል ተደወለ፣ ቁጥሩ አልተነካም። በማግስቱም አልተነካም። ልጆቹ እልህ ያዛቸው፤ በእረፍት ሰዓት አሸዋ ላይ ያካፍላሉ፣ የቻለ የለም። ከዚያ ማን እንደጀመረው ሳይታወቅ ስምንቱን አኃዝ በዜማ ማለት ጀመሩ፣ ኳስ ሲያነጥሩ፣ ውሃ ሲቀዱ። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ዳጣ በርበሬ የምትሸጥ ሴት፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ የማታውቅ፣ ብልቃጦቿን ስትደረድር ያንኑ ስትል ሰማኋት። ያኔ ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ለምን እንደሳቅሁ አይገባኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሲቀላ በሚገኘው የአልታዬ ግቢ፣ ማንጎው ሥር እንገናኝ ነበር። ግንዱ ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ አስደግፈን፣ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ጀርባ ያለውን የብቸኛ ቁጥሮች ሠንጠረዥ ዘርግተን በየተራ እናካፍላለን፤ አንዱን እሱ፣ ቀጣዩን እኔ። ቁጥሩ የሚከፈል ከሆነ ከሁለቱ አካፋዮቹ አንዱ ከሰባት ሺህ በታች መሆኑ አይቀርም፤ እስከዚያ ያሉትን ብቸኞች ሁሉ ሞክረን ምንም ካልከፈለው ራሱም ብቸኛ ነው ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ውሃ ስንወቅጥ እንውላለን። ሚስቱ ቆጮ በዳጣ ታቀርብልናለች፤ እኔ ዳጣው አቃጥሎኝ ሳለቅስ እሱ "ለቁጥሩ ነው የሚያለቅሰው" ብሎ ልጆቹን ያስቃል። ከሕይወቴ ቅዳሜዎች መርጠህ አንዱን መልሰህ ውሰድ ብባል፣ ከእነዚያ አንዱን ነው የምወስደው።

ግንቦት ላይ የአልታዬ እናት እማማ ባሎቴ ሐኪም ሊያዩ ከዶርዜ ወረዱ። እሳቸው ቤት ልጅ አይቆጠርም። "ስንት ልጅ አለዎት?" ሲሏቸው "አሉ" ነው መልሳቸው፤ ጣት ቀስሮ አንድ፣ ሁለት ማለት ነውር ነው። ይህ ለኔም እንግዳ አልነበረም፤ እኛም አገር ከብቱ ሲቆጠርበት ፊቱ የሚጠቁር ሽማግሌ ሞልቷል። እማማ ባሎቴ ማንጎው ሥር ተቀምጠው ስናካፍል ካዩ በኋላ ልጃቸውን በጋሞኛ ምን እንደሆነ ጠየቁት፤ እሱም እየሳቀ ነገራቸው። ልጆቹ በየተራ እንደተጠሩ፣ እያንዳንዳቸው አንድ እንደሰጡ፣ አሁን ልንሰብረው እንደሆነ። አሮጊቷ አልሳቁም። ረዘም አድርገው ተናገሩ፤ አልታዬ ሲተረጉምልኝ ድምፁ ቀስ በቀስ ወረደ።

"ጎሜ ነው ትላለች። ነውር ሲጣስ የሚመጣ መዘዝ ማለት ነው። 'ልጆቹን ቆጥረህ በአንድ አስረሃቸዋል። የታሰረው ሳይሰበር ይቀመጥ። የሰበረው ሰው ግን ይወቀው፤ ከዚያ ወዲያ በእነሱ ላይ የሚመጣው ሁሉ መጀመሪያ እሱን ያገኘዋል፤ እነሱን አልፎ በእሱ ላይ ያርፋል' ትላለች።"

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እማማ ባሎቴ አዩኝና በራሳቸው አማርኛ "ጎጃሜ ይስቃል፤ ይሳቅ። ጥርስ አለው" አሉ።

በቀጣዩ ቅዳሜ እንደ ወትሯችን ቀጠልን። አልታዬ እንደ ወትሮው አይቀልድም፤ የእናቱ ነገር ሆዱ ገብቶ እንደሆነ ገመትኩ። ተራው ደርሶኝ በስድስት ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ አንድ አካፈልኩ፤ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ሰባ ስድስት ተረፈኝ። እሱ ሰሌዳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ጸጋነሽ ከወዲያ በኩል ከጓደኛዋ ጋር ልብስ እያሰጣች ያንኑ የቁጥር ዜማ ታዜማለች። ቀና ብሎ አያት፣ ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ሰሌዳውን በመዳፉ ጠረገና "ይብቃን" አለ።

"ምን ይብቃን? ከመቶ ያነሱ ናቸው የቀሩት!"

"ይብቃን አልኩህ ጎጃሜ። እኔ ሳልፈቅድ እንዳትነካው። ማልልኝ።"

ቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁ፤ ቀልድ አልነበረም። በሚካኤል ማልኩለት። ከዚያ ቀን በኋላ የመኪና ሰሌዳም ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም። ተናድጄበት ነበር፣ አልዋሽም። ተምሮ ያስተማረ ሰው በአሮጊት ወሬ ሥራ ሲያቆም ማየት አንጀቴን አሳረረው። ማሐላ ግን ማሐላ ነው፤ ቁጥሩን አልነካሁትም፤ ከተማው ውስጥ ኮምፒዩተር የሞላ ጊዜም፣ እያንዳንዱ ተማሪ ኪሱ ውስጥ ስልክ የያዘ ጊዜም አልነካሁትም።

ዘመን እንዴት እንደሚሄድ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ቤልቦተም ሄደ፣ ሌላ ሱሪ መጣ፣ እሱም ሄደ፣ አሁን ደግሞ የልጅ ልጆቼ ጉልበቱ የተቀደደ በውድ ይገዛሉ። ስምንቱ ልጆች ተበተኑ። አልታዬ ግን አንዳቸውንም አልለቀቀም፤ ድሮ በአውቶቡስ ሾፌሮች እየላከ፣ ሞባይል ከመጣ ወዲህ ደግሞ በየሳምንቱ እየደወለ ደህንነታቸውን ይጠይቃል። ሰው "እንዴት ያለ አስተማሪ ነው!" ይለዋል። በጸጋነሽ ላይ ደግሞ ባሰበት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደርሷት አልሄድሽም አላት፤ ለመነች፣ አለቀሰች፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ገቡበት፣ ወይ ፍንክች። እዚሁ ነርስነት ተማረች፤ አግብታ ምዕራብ ዓባያ ገባች፤ በሚኒባስ የምትደረስ ስለሆነች ነው የፈቀደላት። እሱ ራሱ እያነሰ ሄደ። አንድ ጆሮው ተደፈነ፣ አንድ ዓይኑ ነጣ፣ ከዚያ እግሩን መጎተት ጀመረ። ሐኪም ስኳር ነው አለ፤ ስኳር ነበረበትም። ያ ሳቅ የት እንደገባ እንጃ። ከሁለት ክረምት በፊት ሞተ፤ በመዝሙር ሸኘነው፤ እኔ ቆሜ መዘመር አልቻልኩም።

እንግዲህ የገመድ ዘላዮቹን ልጆች ባገኘሁ በሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ጸጋነሽ ልትጠይቀኝ መጣች። ሃምሳ አልፏታል፤ ነጭ ሻሽ፣ የአባቷ ሰፊ ግንባር። ስለ ልጆቹ ስነግራት የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

"ቲቸር፣ ያን ቁጥር አያንሱብኝ" አለች።

"ምነው?"

"አባቴን የወሰደብኝ እሱ ነው። አያቴ ያሉትን አውቃለሁ፤ ቤት ውስጥ ሲወራ ሰምቻለሁ። እንደ እስረኛ ነው ሲጠብቀኝ የኖረው። 'የት ነሽ? ማን አለ? መቼ ትመለሻለሽ?' አዲስ አበባ ያስቀረኝን እንኳ ቻልኩት። ግን ያን ክረምት ወባ ጭንቅላቴ ላይ ወጥቶ ራሴን ስቼ ስተኛ፣ በቀን ሦስቴ የሚደውል ሰው አልመጣም። አንዴ እንኳ አልመጣም! ስነቃ ሞቷል አሉኝ።" እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። "እኔ አማኝ ነኝ ቲቸር። ይቅር ማለት አለብኝ። አልቻልኩም።"

ብርጭቆዋን ወደ እሷ መለስ አደረግሁት። እሷ ስልኳን አወጣች።

"ቁጥር የሚሰባብር ገጽ አለ፤ ልጄ አሳይታኛለች። ልስበረው። አንዴ በዓይኔ እንደ ማንኛውም ቁጥር መሆኑን ልየው፤ ምናልባት ይወጣልኝ ይሆናል።" ስምንቱን አኃዝ ሳትሳሳት፣ ቀና ሳትል ጻፈች። ጣቷን አነሳች።

እኔ በጎሜ አላምንም። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆችን "ማስረጃ አምጡ" ስል ነው የኖርኩት። ነገር ግን ያ ጣት ወደ ስልኩ ሲወርድ ሳይ እጄ ሳላዘው ተዘርግቶ ስልኩን ያዘ።

"ስጪኝ። እኔ ልጫነው።"

"ለምን?"

"በየተራ ነበር የምናካፍለው። የቆምነው አባትሽ ላይ ነው። እሱ የለም፤ ቀጣዩ እኔ ነኝ። ፈቃዱን ደግሞ ወራሹ ሰጠችኝ።" እንድትስቅ ብዬ ነው፤ ትንሽ ሳቀች፣ ሰጠችኝ። ተጫንኩት።

ያን ያህል ቅዳሜ የፈጀንበትን ነገር ስልኩ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አልቆየም። ብቸኛ አልነበረም። 6133 በ7919። ሁለት አካፋዮች፣ ሁለቱም ብቸኞች። መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ እንደገና አየሁት።

"ስንት ላይ ነበር ያቆማችሁት?" አለች ጸጋነሽ።

"6131 ላይ።" እንዴት ይረሳኛል?

"ከሱ ቀጥሎ ያለው ብቸኛ ቁጥርስ?"

ልመልስላት አፌን ከፈትኩና ቆምኩ። ብቸኞች አንዳንዴ መንታ ሆነው ይመጣሉ፤ በሁለት ብቻ ይራራቃሉ። 6131 እና 6133 መንታ ናቸው። የመጀመሪያው መንታ የኔ ነበር፣ የሁለተኛው ተራ የአልታዬ። ሰሌዳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ያለው ለእሱ ነው። ምንም ያልተረፈው እሱ ነው። አልፈራም ነበር፤ ማለቴ፣ እንሰብረዋለን ብሎ አልነበረም የፈራው። ሰብሮት ነበር። ሰብሮት፣ ቀና ብሎ ልጁን አይቶ፣ በመዳፉ ጠርጎ ሆድ ይፍጀው ብሎ ኖረ። እኔ እንዳልነካው ያስማለኝም ከእሱ ጋር እንዳልሸከመው ነው።

ለጸጋነሽ እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ከኔ ቀድማ ገባት። ነርስ ናት፤ የአባቷን ሕመም ከነጊዜው ታውቀዋለች።

"ስድስት ያለው ልጅ ጀልባው አባያ ላይ ተገልብጦበት በአዞ መሀል ዋኝቶ የወጣ ጊዜ" አለች ቀስ ብላ፣ "በዚያው ሳምንት ነው የአባቴ ጆሮ የተደፈነው። ስምንት ያለችው የተሳፈረችበት አውቶቡስ ከጨንቻ ቁልቁለት ገደል የገባ ጊዜ እሷ ከነዘንቢሏ ቆማ ወጣች። ያኔ ዓይኑ። አራት ያለው ከጦርነት የተመለሰ ጊዜ እግሩ።" ቀና ብላ አየችኝ። "እኔ ራሴን ስቼ ተኝቼ... የነቃሁት ጠዋት ነው። እሱ የሞተው ያን ጠዋት ነው ቲቸር። አልመጣም ብዬ... መነሳት ያልቻለው..."

አልጨረሰችውም። ጉልበቷ ላይ ተደፍታ "አባዬ! አባዬ!" እያለች እንደ ልጅ አለቀሰች፤ ቀብሩ ላይ ያላለቀሰችውን ሁሉ። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ስትረጋጋ ፊቷ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። "ይቅር በለኝ ማለት ያለብኝ እኔ ነበርኩ" አለችና ተነስታ ግንባሬን ሳመችኝ። በሚኒባስ ሄደች። ማታውኑ ከአሮጌ መጽሐፌ ሠንጠረዡን አውጥቼ አየሁ። ብቸኞቹን ከሁለት ጀምሮ ሲደረድሯቸው 6133 ስምንት መቶኛው ነው፤ 7919 ደግሞ አንድ ሺኛው። ሳታስቡ የተባሉ ስምንት ልጆች ያወጡት ቁጥር ነው ይህ። አጋጣሚ ነው። አጋጣሚ መሆን አለበት። መጽሐፉን ከድኜ መብራቱን ሳላጠፋ ተኛሁ።

ከዚህ ወዲያ ያለውን ለጸጋነሽ አልነገርኳትም፤ ይህን ስታነብ እንደምትቆጣኝ አውቃለሁ። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ሳሙና ዓይኔ ገባ ብዬ ቀኝ ዓይኔን አሸሁት፣ በውሃ አጠብኩት፤ አልለቀቀም። የመስኮቱ ግማሽ ነጭ ጉም ሆኖ ቀረ። ፎጣውን እንደያዝኩ ስልኬ ጮኸ። ደጉ ነበር፣ አምስት ያለው ደጉ፤ አሁን ከኮንሶ እህል የሚያመላልስ የአይሱዙ ሾፌር ነው።

"ቲቸር! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!" ይላል እየሳቀ። "ፍሬን እምቢ ብሎኝ ገደል ገባሁ እኮ! መኪናው ድራሹ የለም። እኔ ግን ይኸው፣ ጭረት የለብኝም፤ ሰዉ ሁሉ ከቦ እያየኝ ነው። ዝም ብዬ ለእርስዎ መደወል አሰኘኝ።"

"መቼ ነው?" አልኩት።

"አሁን ነው እንጂ፣ አሁን!"

"እግዜር ይመስገን ልጄ" አልኩትና ቁጭ አልኩ። የዓይን ሐኪሙ በኋላ "ዕድሜ ነው" ብሎኛል፤ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ዕድሜውስ አለኝ። ነገር ግን ያን ጠዋት ሐኪምም አልታየኝም፣ ማስረጃም አልታየኝም። የታየኝ ያ የእሷ ጣት ነው፣ ወደ ስልኩ ሲወርድ፤ ቁጥሩን የጻፈችው እሷ ናት፣ የተጫንኩት እኔ። ምዕራብ ዓባያ፣ ጸጋነሽ ጋ ደወልኩ። ቶሎ አላነሳችም፤ ያ ጥሪ የጮኸበትን ያህል በሕይወቴ የፈራሁበት ጊዜ የለም።

"አቤት ቲቸር! በሰላም ነው በጠዋት?"

"በሰላም ነው። ጸጋነሽ፣ አንቺ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ፤ ሥራ ልገባ ነው።"

"ዓይንሽስ? ሁለቱም ያያሉ?"

"ያያሉ እንጂ! ምን ሆነዋል ዓይኖቼ?" ብላ ሳቀች፤ ያ ከመንገድ ማዶ የሚሰማው የአባቷ ሳቅ ነው።

"እንዲያው ነው ልጄ" አልኳት፤ ደስታዬን እንዳትሰማብኝ ስልኩን ከአፌ አራቅሁት።